አስር ዓመት ለአንድ ፊልም፦ የዘጋቢ ፊልም ክበባችን በ2017 ዓ.ም.

ክበባችን ከትምህርት ቤታችን ሚኒ ሚዲያ ወጥቶ ራሱን የቻለው ዘንድሮ ነው። መስከረም ላይ 41 ተማሪዎች ተመዘገቡ። አብዛኞቹ የመጡት ቶሎ ተሠርቶ ቲክቶክ ላይ የሚለቀቅ ቪዲዮ ፈልገው ነው። አልፈርድባቸውም። የመጀመሪያው አርብ ላይ ግን አንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ እጁን አወጣና "ቲቸር፣ ዘጋቢ ፊልም የሚሠሩ ሰዎች በምን ይኖራሉ?" አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ጥያቄውን ሰሌዳው ላይ ጻፍኩት። የዓመቱ ሥራችን እሱ ሆነ።

አንድ ፊልም ባየን ቁጥር ስለ ሠሪው እንጠይቃለን። ከዚህ በፊት ምን ሲሠራ ነበር? ከዚያስ የት ደረሰ?

የጀመርነው በቡና ነው። ሐዋሳ ተቀምጠን በሌላ መጀመር አልታየንም። "ብላክ ጎልድ" እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ ፊልም ነው። የሠሩት ኒክ እና ማርክ ፍራንሲስ የሚባሉ እንግሊዛዊ ወንድማማቾች ናቸው። ካሜራቸው የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየንን ይመሩ የነበሩትን አቶ ታደሰ መስቀላን ይከተላል። አቶ ታደሰ ለገበሬው የተሻለ ዋጋ ፍለጋ ከአገር አገር ይዞራሉ። ፊልሙ ይርጋጨፌ ይገባል፣ ሲዳማ ይደርሳል፣ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2003 ካንኩን ላይ የተደረገውን የዓለም ንግድ ድርጅት ስብሰባ ያሳያል።

አያቷ አለታ ወንዶ ቡና ያላቸው አንዲት ተማሪ አለችን። ፊልሙ ሲያልቅ ዝም ብላ ቆየች። ከዚያ "አያቴ እሸት ቡናውን ሲሸጥ ዋጋውን የሚነግሩት ገዢዎቹ ናቸው። እሱ ዋጋ ሲጠራ ሰምቼ አላውቅም" አለች። ያን ቀን ስለ ቀረጻ ልናወራ ነበር ያሰብነው። ተውነው። እስኪመሽ ስለ ቡና አወራን።

ወንድማማቾቹ ቀጥለው ወደ ዛምቢያ ሄዱ። እ.ኤ.አ. በ2010 ቻይና አፍሪካ ውስጥ ስለምትሠራው ሥራ ሌላ ፊልም አወጡ። የሚከተሉት አንድ ቻይናዊ ገበሬን፣ አንድ የመንገድ ሥራ ኃላፊን እና የዛምቢያን የንግድ ሚኒስትር ነው። ማርክ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2017 ከሌላ ባልደረባ ጋር ሆኖ ስለ ቬትናማዊው መነኩሴ ቲክ ናት ሃን ሠራ። ልጆቹ ግር አላቸው። "ሰውየው ሙያ ቀየረ እንዴ?" ያለም ነበር። እኔ የቀየረ አይመስለኝም። ቡና ለቃሚ ይሁን መነኩሴ፣ ሰው አጠገብ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ያው ሥራ ነው።

"ብላክ ጎልድ" ውስጥ ቡና አላዋጣ ሲላቸው ወደ ጫት የሚዞሩ ገበሬዎች አሉ። ቶሎ የሚያልፍ ነገር ነው። እኛ ግን እሱን ይዘን ወደ ሐረር ተሻገርን።

ፊልም ሠሪዋ ጄሲካ በሽር የተወለደችው ሜክሲኮ ሲቲ ነው። እናቷ ሜክሲኳዊት፣ አባቷ ኢትዮጵያዊ ናቸው። ያደገችው ሐረር ነው። በደርግ ዘመን ገና ልጅ ሳለች ከቤተሰቧ ጋር አገር ለቅቃ ወጣች። ከዓመታት በኋላ አያቷን ልትጠይቅ ስትመለስ ማሳው ጫት ብቻ ሆኖ ጠበቃት። ካሜራ ያነሳችው ያኔ ነው። እየሄደች፣ እየተመለሰች፣ ራሷ እየቀረጸች 10 ዓመት ያህል ቆየች። በመሃል ስለ ሐረሩ ጅብ አብሊ "ሐይራት" የሚል አጭር ፊልም እ.ኤ.አ. በ2017 አሳየች። ዋናው ፊልም "ፋያ ዳዪ" የወጣው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። በዚያው ዓመት ስዊዘርላንድ ውስጥ በሚካሄደው "ቪዥን ዱ ሪየል" ፌስቲቫል ትልቁን ሽልማት አገኘ።

10 ዓመት! ልጆቹ በጣታቸው ቆጠሩት። ከአንደኛ ክፍል እስከ 10ኛ ማለት ነው።

ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነው። ብዙው ንግግር በአፋን ኦሮሞ ነው። ቋንቋውን የሚያውቁት ልጆች ከፊት ተቀምጠው ለሌላው ተረጎሙ። ሁለቱ በአንድ ዐረፍተ ነገር ተከራክረው ፊልሙን ሦስት ጊዜ አስቆሙት። ከዓመቱ አርቦች ሁሉ ለእኔ የሚበልጠው ያ ቀን ነው።

የመጀመሪያውን ጥያቄ አልረሳነውም። በምን ይኖራሉ? አንዱን መልስ ከአገራችን ፊልም ሠሪዎች አገኘነው፤ ያስተምራሉ። ሳሌም መኩሪያ መጀመሪያ ቦስተን ውስጥ በሕዝብ ቴሌቪዥን ሠራች፤ ከዚያ ዌልስሊ ኮሌጅ መምህርት ሆነች። ሱዳን ውስጥ ስላሉ ስደተኛ ሴቶቻችን "ስደት"ን ሠራች። "የወንዝ ማዕበል" ደግሞ ወንድሟንና የልብ ጓደኛዋን ስላጣችበት የአብዮት ዘመን ነው። ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ አስተምሯል። ከዩኒቨርሲቲው ፊት ለፊት የመጻሕፍትና የፊልም መደብር አለው። ስለ አድዋ ዘጋቢ ፊልም የሠራውም ከማስተማሩ ጎን ለጎን ነው። ይህን ስነግራቸው አንዷ "ታዲያ ቲቸር፣ እርስዎም ይችላሉ" አለችኝ። ቃሏ እስካሁን አብሮኝ አለ።

የራሳችንን ፊልም የጀመርነው ጥር ላይ ነው። ሐይቁ ዳር ወዳለው የአሳ ገበያ፣ አሞራ ገደል ወረድን፤ አሳ የሚበልቱትን ልጆች ልንቀርጽ። እዚህ ላይ ጥፋቱ የእኔ ነው። ፈቃድ ስለመጠየቅ ተማሪዎቼን በደንብ አላስረዳኋቸውም። ልጆቹ እንደደረሱ ስልካቸውን አውጥተው መቅረጽ ጀመሩ። አንድ ልጅ ቢላዋውን አስቀመጠና በክንዱ ፊቱን ሸፈነ። ጥግ ላይ መረብ የሚጠግኑ አባት ቀና አሉና "እናንተ ልጆች፣ ሰው ደጅ ስትደርሱ 'ቤቶች' አትሉም?" አሉን።

የቀረጽነውን እዚያው ልጁ እያየ አጠፋነው። ከዚያ ሦስት ቅዳሜ ያለ ካሜራ ሄድን። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች መሃል ተቀምጠን የአሳ ሾርባ ጠጣን፣ መረብ ሲጠገን አየን፣ አወራን። በአራተኛው ቅዳሜ ልጁ ራሱ "ዛሬ ስልኩን አላመጣችሁም?" አለን። እናቱን ቤታቸው ሄደን አስፈቀድን። ፊቱ እንዳይታይ ተስማማን፤ እጁና ድምፁ ብቻ። ጠዋት አሳ ይበልታል፣ ማታ ይማራል። መረብ የሚጠግኑት አባትም በክንዳቸው እየለኩ ቆሮሶ የሚባለው አሳ ድሮ ምን ያህል እንደነበር ነገሩን።

ቅንብሩ በመብራት መጥፋት ምክንያት ሁለት ወር ፈጀ። ፊልሙ 11 ደቂቃ ነው። ስሙን "ቤቶች!" አልነው።

ሰኔ ላይ በአዳራሻችን ስናሳይ ልጁ ከእናቱ ጋር መጣ። የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ድምፁ ሲሰማ እናቱ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ሲያልቅ ልጁ ወደ እኛ መጣና አሳው ሲበለት በሚታይበት ቦታ ቢላዋውን ተሳስቶ እንደያዘ ነገረን። ደግመን እንድንቀርጸው ይፈልጋል።

አሁን ክበቡ ውስጥ የቀሩት 14 ናቸው። በክረምቱም አይበተኑም። በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ አሞራ ገደል ይወርዳሉ። ሐምሌ ዝናብ ስለሆነ ለስልኩ መሸፈኛ ላስቲክ ገዝተናል።