አባዬ፣ የእማዬን ሌሊት እንካፈል

አባዬ፣

ትናንት ስልክ ላይ ድምፅህ ዝሎ ነበር። "ሦስት ሌሊት ዓይናችንን አልከደንንም" አልከኝ። ስልኩን ከዘጋን በኋላ እኔም እንቅልፍ እንቢ አለኝ። ተነስቼ ጻፍኩልህ።

እማዬ ሌሊት ተነስታ "ቤቴ ውሰዱኝ" የምትለው አንተን ልታስቸግር ብላ አይደለም። አንተም ያጎደልክባት ነገር የለም። ቀንና ሌሊቱን የሚለይልን ሰዓት ያለው አንጎላችን ውስጥ ነው። የመርሳት በሽታዋ፣ አልዛይመሩ፣ እሱንም እየጎዳው ነው። ቀኑን ስታንቀላፋ ውላ ሲመሽ የምትረበሸው ለዚህ ነው።

ባለፈው እናንተ ጋ ያደርኩ ጊዜ እኔ ተሳስቻለሁ። "እማዬ፣ ቤትሽ እኮ ይኸው ነው! ሌሊት ነው፣ ተኚ" እያልኩ ተሟገትኳት። ድምፄ ከፍ ባለ ቁጥር እሷ ይበልጥ ፈራች። አንተ መጥተህ እጇን ያዝክ። "አለሁ፣ አይዞሽ። መጀመሪያ አረፍ እንበል" አልካት። ወዲያው ትከሻዋ ሲላላ አየሁ። ያንን ሌሊት አልረሳውም።

አሁን ስለዚያ ኪኒን። ሰው ነግሮህ የገዛኸውን የእንቅልፍ መድኃኒት፣ ሐኪሟ ሳያየው እባክህ አትስጣት። ለእንቅልፍ ተብለው የሚሸጡ አንዳንዶቹ፣ ለምሳሌ ዳይፈንሃይድራሚን፣ የእሷ ዓይነት ሕመም ያለበትን ሰው ጭራሽ ግራ ያጋባሉ። ሽንትም ሊይዙ ይችላሉ። ሌሎቹ ያንገዳግዳሉ። በጨለማ ወደ ሽንት ቤት ስትሄድ ወድቃ ዳሌዋ ቢሰበርስ? ለአእምሮ ሕመም የሚታዘዙት ጠንካሮቹ ደግሞ የመርሳት በሽታ ባለባቸው አረጋውያን ላይ የሞት አደጋን ይጨምራሉ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2005 ይህን አስጠንቅቋል። ሐኪም አመዛዝኖ የሚያዝበት ጊዜ አለ። እኛ በራሳችን ግን አንሞክረው።

ይልቅ የሚያማት ነገር እንዳለ እንይ። "እዚህ ጋ አመመኝ" ማለት አትችልም እኮ። ሽንቷ እያቃጠላት ይሆን? ሆዷ ደርቆ ይሆን? ጥርሷስ? ድንገት የባሰባት ከሆነ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላልና ሳይውል ሳያድር ትታይ። ለመርሳት በሽታዋ የምትወስደውን መድኃኒት፣ ዶኔፔዚሏን፣ የምትሰጣት ማታ ነው አይደል? እሱ አንዳንድ ሰው ላይ እንቅልፍ ይነሳል፣ ቅዠትም ያመጣል። ወደ ጠዋት ይዛወር እንደሆነ ሐኪሟን ጠይቅልኝ።

ጠዋት ጠዋት ብርሃን ላይ አስቀምጣት። ከሰዓት በኋላ ቡና ይቅርባት። ወደ ሽንት ቤት በሚወስደው መንገድ ላይ ደብዘዝ ያለ መብራት ይደር። መስታወቱንም ሸፍነው። ያኔ "ሰው ገባ" ብላ የጮኸችው የራሷን መልክ አይታ ይመስለኛል።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ላትተኛ ትችላለች። በሽታው እዚህ ከደረሰ በኋላ የሚስተካከለው ጥቂት ነው። እኔን አሁን ያስፈራኝ ግን ያንተ እንቅልፍ ነው። አንተ ከወደቅክ እሷን ማን ይይዝልናል?

ስለዚህ ዓርብ ማታ እመጣለሁ፣ ቅዳሜንም አድራለሁ። ከዚያ በኋላም በየሳምንቱ። "እኔ ነኝ የማውቃት" እንዳትለኝ። እጇን እንዴት እንደምትይዝ አይቻለሁ። አንተ ብቻ ፍራሽህን ወደ ሌላኛው ክፍል አዙር፣ በሩንም ዝጋው።

ልጅህ