ስለ ፐርሲ ጁልያን የወጣው ጽሑፍ የዘለለው ጉዳይ

ለዝግጅት ክፍሉ፤

ስለ አሜሪካዊው የኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ተመራማሪ ፐርሲ ጁልያን ያወጣችሁት ጽሑፍ የቆዳ ቀለሙ የዘጋበትን በሮች በሚገባ ቢያሳይም፣ የምርምር ሥራውን ግን በሁለት ዓረፍተ ነገር አልፎታል።

እ.ኤ.አ. በ1935 ጁልያንና ባልደረባው ዮሴፍ ፒክል ግላኮማ ለተባለው የዓይን ሕመም ይሰጥ የነበረውን ፊዞስቲግሚን የተባለ መድኃኒት በቤተ ሙከራ ለመሥራት ሲጥሩ፣ ስመ ጥሩው የኦክስፎርድ ኬሚስት ሮበርት ሮቢንሰን ወደዚሁ መድኃኒት የሚያደርሰውን መካከለኛ ውሁድ ሠርቻለሁ ብሎ ነበር። ትክክለኛውን ውሁድ የሠራው ማን ነው የሚለውን ክርክር የፈታው ዝና ሳይሆን፣ በቀጭን የመስታወት ቱቦ ተደርጎ ከቴርሞሜትር ጎን የሚሞቅ ቁንጥር ዱቄት ነው፤ ንጹሕ ውሁድ የሚቀልጥበት የሙቀት መጠን የታወቀ በመሆኑ፣ የጁልያን ውጤት ከተፈጥሯዊው ጋር ሲገጥም የሮቢንሰን ሳይገጥም ቀረ። ለእኔ ለኬሚስትሪ መምህሩ የታሪኩ እምብርት ይህ ነው።

በጽሑፋችሁ ጁልያን «ኮርቲዞንን የፈጠረ» መባሉም መታረም አለበት፤ ኮርቲዞን እብጠትን የሚያስታግስ የሆርሞን መድኃኒት ነው። ኮርቲዞንን ቀድሞ በ1944 በቤተ ሙከራ የሠራው ሉዊስ ሳሬት ነው። የጁልያን ድርሻ ከአኩሪ አተር ዘይት ከሚገኙ ስቴሮሎች (ስብ መሰል ውሁዶች) ተነሥቶ ፕሮጄስትሮን የተባለውን የሴት ሆርሞን በብዛት ማምረት፣ ኋላም የኮርቲዞን ቅርብ ዘመድ ወደሆነው ሃይድሮኮርቲዞን የሚለወጠውን ውሁድ በርካሽ ማዘጋጀት ነበር፤ ይህም ቢሆን ትንሽ ሥራ አይደለም።

ስለዚህ በሚቀጥለው እትም እርማቱ ታትሞ፣ ከጎኑ የ1935ቱ ሥራ ደረጃዎች በሥዕል ቢወጡ፣ የ12ኛ ክፍል መምህራን ገጹን ቆርጠን ክፍል ይዘነው እንገባለን።

አንድ የኬሚስትሪ መምህር