ለክፍልፋይ አንድ ሳምንት አይበቃም

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍሉ ባልደረቦች፣

ሰሞኑን ሦስተኛ ክፍል የገባችው ልጄ በመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት የምትማረውን የሚዘረዝር አንድ ገጽ ወረቀት ይዛ መጣች። እሰየው ነው፤ ወላጅ ምን እንደሚመጣ ካወቀ ማታ ማታ ያግዛል። ንባቡም ሳይንሱም ደህና ነው። ለማባዛት ሠንጠረዥ አምስት ሳምንት፣ ለክፍልፋይ ግን አንድ ሳምንት ብቻ መመደቡን ሳይ ነው የደነገጥኩት።

ማባዛት ቀላል ነው አላልኩም። ነገር ግን ከ1 እስከ 10 ያለው ሠንጠረዥ 100 ጥያቄ ቢመስልም፣ 3 በ7 እና 7 በ3 አንድ መሆናቸውን ልጁ ካስተዋለ የሚሸመደደው 55 ብቻ ነው። ክፍልፋይ ሌላ ነገር ነው። ትናንት ማታ "አንድ አራተኛና አንድ ስምንተኛ፣ የቱ ይበልጣል?" ብዬ ጠየቅኳት።

"አንድ ስምንተኛ!" አለች ሳታመነታ። ስምንት ከአራት ይበልጣላ!

ወረቀት ሰጠኋት። አንዴ አጠፈች፣ ደገመች፣ ሠለሰች። ዘረጋችውና ስምንቱን ክፍል በጣቷ እየነካች ቆጠረች። ከዚያ ዝም አለች።

"እንዴ አባዬ፣ ቁጥሩ ሲጨምር ቁራጩ ያንሳል እኮ!"

ይህ ጊዜ ይፈልጋል (ለእኔ ራሴ የገባኝ ከጎለመስኩ በኋላ ነው)። ዝርዝሩን የምታወጡ መምህራን፣ እባካችሁ ከማባዛቱ ሁለት ሳምንት ቀንሳችሁ ለክፍልፋይ ስጡት። መቀስና ባዶ ወረቀቱን እኛ ከቤት እንልካለን።

የአንዲት ተማሪ አባት