ከቀለሙ በፊት ወረቀቱን ግዙ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በክረምቱ የልጆች ገጻችሁ ላይ ለቅብ የምታወጧቸው የመስመር ሥዕሎች እዚህ ድሬዳዋና ሐረር ብዙ ቤት ገብተዋል፤ ይበል የሚያሰኝ ነው። ዘንድሮ ግን በልጆቹ እጅ ያለው ባለ ቀለም እርሳስ ብቻ አይደለም። አልኮል ማርከር ተለምዷል፤ እሱ ደግሞ በጋዜጣ ወረቀት ላይ ፈጽሞ አይሠራም። የጋዜጣ ወረቀት በካሬ ሜትር ከ50 ግራም በታች የሚመዝን፣ ቀለም ያገኘውን ሁሉ የሚመጥ ስስ ወረቀት ነው። ማርከሩ ከመስመሩ አልፎ ይፈስሳል፤ በጀርባ ያለውንም ዜና ያበላሻል። የማተሚያው ጥቁር ቀለም ዘይት ያለበት ስለሆነ ወረቀቱ ውስጥ ይሰርጋል እንጂ ጠጥሮ አይደርቅም፤ አልኮል ሲነካው ተነሥቶ የማርከሩን ጫፍ ያጠቁራል። የቢጫ ማርከር ጫፍ አንዴ እንዲህ ከቆሸሸ ለማጽዳት ብዙ ቀለም ይባክናል።

ትልቁ ጥፋት ግን የጋዜጣው አይደለም። ወላጅ ገንዘቡን 80 ወይም 120 ማርከር በያዘ ሳጥን ላይ ይጨርሳል፤ ለወረቀት የሚተርፍ የለም። ልጁ የደብተር ቅጠል ላይ ይቀባል፣ ሥዕሉ ይጨማለቃል፣ ከዚያ «እጅ የለውም» ይባላል። እኛ 12 ማርከርና ደህና ወረቀት ከ120 ማርከርና ከደብተር ቅጠል ይበልጣል ባዮች ነን።

ማርከሩ ውስጥ ያለው በአልኮል የሟሟ ማቅለሚያ ነው። አልኮሉ ይተናል፣ ማቅለሚያው ወረቀቱ ውስጥ ይቀራል። እንደ አክሪሊክ ቅብ ላዩ ላይ አይጋገርም፤ ከሥሩ ያለውን ያሳያል። ስለዚህ ጠቆር ባለ ሰማያዊ ላይ ቢጫ ቢደረብ ቢጫው አይወጣም። ነጩም ወረቀቱ ራሱ ነው፤ ነጭ እንዲሆን የተፈለገው ቦታ ከመጀመሪያው ሳይነካ መተው አለበት። የደረቀው ቀለም አዲስ አልኮል ሲያገኝ ተመልሶ ይሟሟል። ሁለት ቀለሞች ድንበራቸው ሳይታይ የሚዋሃዱት በዚህ ባሕርይ ነው፤ ከመስመር የሚያመልጡትም በዚሁ ነው።

የሚፈለገው ፊቱ ለስላሳ የሆነ ወረቀት ነው። ለማርከር ተብሎ የሚሠራው 70 ግራም ገደማ የሚመዝን ስስ ነገር ሲሆን፣ ቀለም ወደ ጀርባ እንዳያልፍ ሆኖ የተዘጋጀ ነው። ብሪስቶል የሚባለው ደግሞ ከ200 እስከ 250 ግራም የሚደርስ ወፍራም ወረቀት ነው። ሁለቱም ካልተገኙ ማተሚያ ቤት ሄዳችሁ ለጥሪ ካርድ የሚጠቀሙበትን፣ ለስላሳ ሆኖ የማያብለጨልጨውን ካርድ ጠይቁ። የሚያብለጨልጨው ቀለሙን አያስገባም፤ ላዩ ላይ ያንሸራትተዋል። የውሃ ቀለም ወረቀትም ውድ ስለሆነ ብቻ አይመረጥ፤ ሻካራ ፊቱ የማርከሩን ጫፍ ያፍተለትላል፣ ቀለሙንም ያለ ልክ ይጠጣል። ባለ 80 ግራሙ የኮፒ ወረቀት ለልምምድ ይበቃል፤ ብቻ ቀለሙ ስለሚስፋፋ ከመስመሩ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ቀደም ብሎ ማቆም፣ ከሥሩም ሌላ ወረቀት ማንጠፍ ያስፈልጋል። ማንኛውንም ወረቀት ከመግዛት በፊት በአንድ ቅጠል መፈተን ይቻላል። ጥፍር የምታህል አራት ማዕዘን ሁለት ጊዜ ደርቡበት፤ ከደቂቃ በኋላ ጠርዟ ጸጉር ካበቀለ ወረቀቱ አይሆንም።

በቢክ የተሠመረ ሥዕል በዚህ ማርከር አይቀባም። የቢክ ቀለም በአልኮል ይሟሟልና ሰማያዊው መስመር ፊት ላይ ይዘረጋል። የሚያስፈልገው መያዣው ላይ ፒግመንት የሚል የተጻፈበት የመስመር ብዕር ነው፤ እንደ ሳኩራ ፒግማ ማይክሮን ወይም ኮፒክ መልቲላይነር ያለው፣ ውፍረቱ 0.3 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ። ከተሠመረ በኋላ አሥር ደቂቃ ይቆይ፤ የእርሳሱ ምልክት በላጲስ ይጥፋ። ማርከር ያለፈበት እርሳስ በኋላ አልወጣም ይላል፣ ፈካ ያለውንም ቀለም ያቆሽሻል።

የጋዜጣውን ሥዕል ለሚወዱ ልጆች ግን ከዚህ የቀለለ መንገድ አለ፤ ፎቶኮፒ። የፎቶኮፒ ጥቁር ዱቄት አብዛኛውን ጊዜ አልኮልን ይቋቋማል። እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ1987 በጃፓን ለገበያ የዋለው ኮፒክ በፎቶኮፒ ላይ ሲቀቡበት መስመሩን እንዳይበላ ታስቦ የተሠራ ማርከር ነው። ሥዕሉን ከጋዜጣው ቆርጣችሁ የራሳችሁን ካርድ ይዛችሁ ፎቶኮፒ ቤት ሂዱ፤ በጎን መሳቢያው በኩል እስከ 200 ግራም የሚያስገቡ ማሽኖች አሉ። የጀርባው ጽሑፍ እንዳይወጣ ከጋዜጣው ኋላ ጥቁር ወረቀት ይደረግ። በቀለም ጠብታ በሚሠራ ፕሪንተር የታተመ ግን ሊዘረጋ ስለሚችል መጀመሪያ ጥግ ላይ ይሞከር።

ስለ ቀለም ምርጫ። ከአንድ ወገን ሦስት ደረጃ ማለትም ፈካ ያለ፣ መካከለኛና ጠቆር ያለ መያዝ ይሻላል፤ እርስ በርስ የማይገናኙ ሠላሳ ቀለሞች ጥላ አይሠሩም። በኮፒክ አቆጣጠር ፊደሉ የቀለሙን ወገን ይናገራል፤ የመጀመሪያው አኃዝ ከፍ ሲል ቀለሙ እየደበዘዘ ወደ ግራጫ ይሄዳል፤ ሁለተኛው ከፍ ሲል ይጠቁራል። ለቀይ አር24 (R24)፣ አር27፣ አር29። ለሞቅ ያለ ግራጫ ደብልዩ1 (W1)፣ ደብልዩ3፣ ደብልዩ5፤ እዚህ ላይ ያለው አንድ አኃዝ ጥቁረቱን ብቻ ይናገራል። ለፊታችን ኢ35 (E35)፣ ኢ37፣ ኢ39፤ «የቆዳ ቀለም» ተብለው የሚሸጡት ሳጥኖች ብዙዎቹ ለፈረንጅ ፊት ናቸውና ከመክፈል በፊት ይከፈቱ። ሦስት ሰማያዊ ሲጨመር አሥራ ሁለት ሞላ። ቢጫና አረንጓዴ በኋላ ይመጣሉ። ርካሽ ማርከሮች የየራሳቸው ቁጥር ስላላቸው፣ የክዳናቸውም ቀለም ከሚወጣው ጋር ስለማይገጥም፣ የሚቀባበት ወረቀት ላይ ሁሉንም በትንሽ በትንሹ ቀብቶ ቁጥሩን መጻፍ ግድ ነው። ቀለሙ ሲደርቅ ስለሚፈካ እርጥብ ሆኖ አይመዘን።

ማዋሃድ ላይ ሲደረስ የድሬዳዋ ሙቀት ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። በኢንተርኔት የሚታዩት ትምህርቶች ቀዝቃዛ አገር የተሠሩ ናቸው፤ እዚያ መዳፍ የሚያህል ቦታ ሳይደርቅ ይቆያል። በሰኔ ቀትር እዚህ ከዚራ ሰፈር ይህ አይታሰብም። ሥራው በእንቁላል ልክ ይከፋፈል። ፈካ ያለውን ቀለም ክፍሉን በሙሉ አልብሱት። ሳይደርቅ መካከለኛውን ከጥላው ወገን ጀምራችሁ እስከ ሲሶው አምጡት፤ ጠቆር ያለውን ጠርዙ ላይ ብቻ በብሩሽ ጫፉ እየጫናችሁ፣ መጨረሻው ላይ እያነሣችሁ ሳቡት። ከዚያ ወደ ኋላ ተመለሱ፤ በጠቆሩና በመካከለኛው ድንበር ላይ መካከለኛውን፣ በመካከለኛውና በፈካው ድንበር ላይ የፈካውን። ይህ ሁሉ በአንድ ደቂቃ ገደማ ማለቅ አለበት። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በፊት ወይም አመሻሽ ላይ መሥራት፣ ቬንትሌተሩንም ከወረቀቱ ማዞር ይረዳል። መስኮቱ ግን ይከፈት፤ ሽታው ራስ ያሳምማል። ሐረር ከድሬዳዋ ወደ 700 ሜትር ያህል ከፍ ስለምትል ሥራው እዚያ ይቀላል።

መስመር መስመር የሚወጣው ለምንድን ነው የሚለው ጥያቄ ሁሌም ይመጣል። የመጀመሪያው ጭረት ጠርዝ ከደረቀ በኋላ ሁለተኛው ሲደረብበት ቀለሙ እጥፍ ስለሚሆን ነው። ክፍሉን በሙሉ በዚያው ቀለም እንደገና ማራስ ያስተካክለዋል። ሦስት ጊዜ ከተደረበ በኋላ ግን ወረቀቱ ዝናብ እንደጠገበ ማሳ ነው፤ የጨመሩት ሁሉ ወደ ጎን ይሄዳል። እዚያ ላይ ማቆም እንጂ ማሻሸት ፊቱን ይልጣል። ሰፊ ሰማይ ለጀማሪ አይመከርም፤ ወረቀቱን ነጭ መተው ከተዥጎረጎረ ሰማይ ያምራል።

ቀለም አልባው፣ አልኮል ብቻ የያዘው ማርከር ማዋሃጃ ነው ቢባልም ዋና ጥቅሙ ቀለምን መግፋት ነው። ከመስመር ያመለጠውን ከውጭ ወደ ውስጥ በትንሽ በትንሹ እየነካኩ መመለስ ይቻላል፤ ሲበዛ ግን የራሱን ክብ ጠባሳ ይተዋል። በእሱ ፈንታ ከፋርማሲ ባለ 70 በመቶ አልኮል የሚጠቀሙ አሉ፤ ሠላሳ እጁ ውሃ በመሆኑ ወረቀቱን ያጨማድዳል። የፈካው ማርከር ጫፍ ከጠቆረው ሲነካካ ቢቆሽሽ ንጹሕ ቀለሙ እስኪወጣ ድረስ ቁራጭ ወረቀት ላይ መጫር በቂ ነው።

ለአካባቢያችን ሥዕሎች ሁለት ሦስት ነገር እንጨምር። በሐረር ጀጎል ውስጥ ያለ በኖራ የተቀባ ግድግዳ ጥላው በጥቁር አይሠራም፤ ደብልዩ1ን አልብሶ በደብልዩ3 መከተል ይበቃል። የሐረሪ ቤት መደብ ቀይ ነው፤ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ስፌቶች ደግሞ ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ጎን ለጎን ይዘዋል። ደማቅ ቀይ ወደ ጎረቤቱ መሮጥ ስለሚወድ ስፌት ሲቀባ ቢጫው ይቅደም፣ በደንብ ይድረቅ፣ ቀዩ ከቢጫው ጸጉር ያህል ራቅ ብሎ ይቁም፤ በኋላ ራሱ ይሞላዋል። የሐረሩ ፔጆ 404 ታክሲ ግን የማዋሃድ ተቃራኒ ነው። ብረት የሚያብረቀርቀው በተዋሃደ ቀለም ሳይሆን በተቆረጠ ድንበር ስለሆነ፣ እያንዳንዱ ንብርብር ሳይደርቅ ቀጣዩ አይነካው፤ የኮፈኑም ነጭ ጭረት ወረቀቱ ይሁን።

ሁለት ጫፍ ያለው ማርከር አግድም ተኝቶ ይቀመጥ፤ ከቆመ ቀለሙ ወደ ታችኛው ጫፍ ይወርዳል፣ የላይኛው ይደርቃል። ክዳኑ ቀጭ እስኪል ይዘጋ። ከሰል ምድጃና ቡና የሚፈላበት ቦታ አጠገብ አይሠራበት፤ ትነቱ እሳት ይይዛል። ያለቀውም ሥዕል ፀሐይ የሚገባበት ግድግዳ ላይ አይሰቀል፤ ማቅለሚያው ይለቃልና ፎቶ ወይም ስካን ይቀመጥለት።

ከዝግጅት ክፍሉ የምንጠይቀው ቀላል ነው። ለቅብ የሚወጣው ሥዕል መስመሩ የተዘጋና ግራጫ ጥላ የሌለበት ይሁን፤ በጀርባው በኩል ጥቁር የበዛበት ማስታወቂያ አይግባ፤ ከሥሩም «ለማርከር በወፍራም ወረቀት ፎቶኮፒ ይደረግ» የሚል አንድ መስመር ይጨመርበት።

ከሰላምታ ጋር
የሥዕል መምህራን፣ ከድሬዳዋ