በራችሁን ለከፈታችሁልኝ እናቶች፦ የምስጋና መልእክት

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ ስድስት ኪሎ፣ በዴቨሎፕመንታል ሳይኮሎጂ (የሰው ልጅ ዕድገት ሥነ ልቦና) የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርቴን ጨርሻለሁ። ቲሲሴን ዲፌንድ አድርጌ አልፌያለሁ። እግዚአብሔር ይመስገን። «እንኳን ደስ አለሽ» ላላችሁኝ ሁሉ፣ እንኳን አብሮ ደስ አለን። ምስጋናዬን የምጀምረው ግን መመረቄን ገና ካልሰሙት ሰዎች ነው።

ጥናቴ ስለ ዕቃቃ ጨዋታ ነበር። አራትና አምስት ዓመት የሆናቸው ልጆች ዕቃቃ ሲጫወቱ ራሳቸውን እንዴት እንደሚገዙ ማየት ፈለግኩ። ይህ ደግሞ ላይብረሪ ተቀምጦ አይገኝም። ሰው ግቢ ገብቶ፣ ጥግ ይዞ፣ በስልክ መቅረጽ ይጠይቃል። አንዲት የማታውቋት ሴት መጥታ «ልጆቻችሁ ሲጫወቱ ልቅረጻቸው» ስትላችሁ እሺ ማለት ቀላል አይደለም። እኔም እናት ነኝ። እናንተ ዝም ብላችሁ አልፈረማችሁም። የፈቃድ ቅጹን አስነበባችሁኝ። ቪዲዮው የት እንደሚቀመጥ፣ ማን እንደሚያየው፣ መቼ እንደሚጠፋ ጠየቃችሁኝ። የዩኒቨርሲቲው የሥነ ምግባር ኮሚቴ እንኳ እንደናንተ አላፋጠጠኝም። ከዚያ በኋላ ነው በራችሁን የከፈታችሁልኝ። እምቢ ያለችኝን እናትም አመሰግናታለሁ። ልጇን መጠበቅ መብቷ ነው፤ በፊቷም ምንም ቅሬታ አልነበረም፣ ቡና አጠጥታ ነው የሸኘችኝ።

ልጆቹን እንዴት እንደማመሰግን አላውቅም። ሩሲያዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ሌቭ ቪጎትስኪ፣ በ1934 እ.ኤ.አ. በ37 ዓመቱ ያረፈው፣ ጨዋታ ነፃ ብቻ ሳይሆን ሕግ ያለው ነገር ነው ይላል። ልጅ እናት ሆኖ ሲጫወት፣ እናት የማታደርገውን አያደርግም። ይህን ለፈተና አንብቤ አልፌው ነበር። የገባኝ ግን እናንተ ግቢ ውስጥ ነው። በቆርኪ ሲኒ ቡና ያፈላችው ልጅ ትዝ ይለኛል። ታናሽ ወንድሟ በሌላ ጊዜ አንድ ቦታ አይቀመጥም። «አንተ እንግዳ ነህ» ስትለው ግን አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪያልቅ ተቀመጠ። ቆርኪውን ሳይቀዳለት አልነካም። ለትልቅ ሰው ቅድሚያ ሰጠ። ስትመርቅም «አሜን» አለ። በ1948 እ.ኤ.አ. የታተመ የማኑይሌንኮ የሶቪየት ጥናት አለ፤ ልጆች «ዘበኛ ነህ» ሲባሉ፣ ዝም ብለህ ቁም ከተባሉበት ጊዜ ይልቅ ረዘም አድርገው ሳይንቀሳቀሱ ይቆማሉ። የኛዎቹ ዘበኛ አላስፈለጋቸውም። የቡና ሥርዓት አላቸው። ልጆቻችሁ ትዕግሥትን ማንም ሳይቆጣቸው፣ በአፈርና በቆርኪ እየተለማመዱ ነው። ይህን ያስተማሩኝ እነሱ ናቸው።

አማካሪዬን አመሰግናለሁ። የመጀመሪያ ፕሮፖዛሌ ላይ የጻፉልኝ አንድ ጥያቄ ሥራውን ሁሉ አቀናው፦ «ይህ መለኪያ የተሠራው የማንን ልጅ አይቶ ነው?» ዴንቨር 2 የሚባለው የልጆች ዕድገት መመዘኛ 125 ጥያቄዎች አሉት፤ የተሠራው አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ውስጥ ነው። ደረጃ በሌለበት ቤት ላደገ ልጅ «ደረጃ ይወጣል ወይ?» ማለት ስለ ልጁ ብዙ አይነግርም። በጅማ የሠሩ ተመራማሪዎች መመዘኛውን ለአካባቢው ልጆች አስተካክለው በ2016 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። አግኝቻቸው ባላውቅም ምስጋናዬ ይድረሳቸው። እኔም ከውጭ የመጣ ፎርም ይዤ ከመሄድ ይልቅ በዕቃቃ እንድጀምር ድፍረት የሰጠኝ የነሱ ሥራ ነው።

የወረዳው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ፣ እህቴ፣ አንቺ ባትኖሪ የትኛውንም በር አላንኳኳም ነበር። ሰፈሩ አንቺን ስለሚያምን ነው እኔን ያመነኝ። ከሥራሽ ላይ ጊዜ ቆርሰሽ ቤት ለቤት አዞርሽኝ። የትራንስፖርት እንኳን አልተቀበልሽኝም።

ቪዲዮዎቹን ከኔ ጋር ለየብቻ አይታ የመዘገበችው የክፍል ጓደኛዬም አለች። ሁለት ሰው ሳይነጋገር አንድ ዓይነት ነገር ካላየ ውጤቱ አይታመንም። ይህ አሰልቺና ማንም የማያየው ሥራ ነው። የራሷ ቲሲስ እያለባት ሠራችልኝ። የማስተምርበት መዋዕለ ሕፃናት ባልደረቦቼም ክፍሌን እየሸፈናችሁልኝ ነው እዚህ የደረስኩት።

እማዬ፣ ልጄን አንቺ ነሽ ያሳደግሽልኝ። እኔ የሰው ልጅ ጨዋታ ስቀርጽ፣ የኔዋ ካንቺ ጋር ነበር ዕቃቃ የምትጫወተው። ዕድሜና ጤና ይስጥሽ። ባለቤቴ፣ ማታ ማታ ልጅ አስተኝተህ፣ ሻይ አፍልተህ፣ መብራት ሲጠፋ ሻማ ይዘህ አብረኸኝ አምሽተሃል። አልረሳውም።

አሁን ወደ እናንተ ልመለስ። እንደተስማማነው ቪዲዮዎቹ ይጠፋሉ፤ የልጆቻችሁ ስም ቲሲሱ ውስጥ የለም። ውጤቱን ሳልነግራችሁ ግን አልቀርም። የዕድሩ ሊቀመንበር አዳራሹን በነፃ ሰጥተውናል፤ እሳቸውንም አመሰግናለሁ። የፊታችን እሑድ ከሰዓት ኑ። ያየሁትን በአማርኛ እነግራችኋለሁ፣ ትክክል ያልመሰላችሁን ትነግሩኛላችሁ። ልጆቹንም አምጧቸው። ቡናው በኔ ነው።