ሚቴኑ በበረዶ ሥር ታሽጎ የተቀመጠ አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

በአርክቲክ ስለሚቀልጠው መሬት ያወጣችሁት ዘገባ፣ ሚቴን የተባለው አየርን የሚያሞቅ ጋዝ በበረዶ ሥር ታምቆ እንደኖረና በረዶው ሲቀልጥ ክዳኑ እንደተነሳለት ጠርሙስ እንደሚገነፍል ያስመስላል። ከባሕር ወለል በታች ጋዝና በረዶ ተዋህደው የታሰሩበት ክምችት በእርግጥ አለ። በየብሱ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ዓመቱን ሙሉ በብርድ ረግቶ በረዶ ሆኖ በሚቆየው አፈር ውስጥ የተቀመጠው በአብዛኛው ጋዝ ሳይሆን በደንብ ያልበሰበሰ ሥር፣ ግንድና ቅጠል ነው። ካርቦኑ ከ1,300 እስከ 1,600 ቢሊዮን ቶን ይገመታል፤ በአየር ውስጥ ካለው ወደ እጥፍ ይጠጋል። ከዚህ ውስጥ ስንቱ ሚቴን እንደሚሆን የሚወስኑት ረቂቅ ተሕዋስያንና ውሃ ናቸው።

ሚቴን የሚያበጁት አርኪያ የተባሉ፣ ኦክስጅን የማይስማማቸው ሕዋሳት ናቸው። ባክቴሪያዎች ቅሪቱን ቆራርጠው ሲጨርሱ ከሚተርፈው አሲቴት ከተባለ ቀላል ውህድ፣ ወይም ከሃይድሮጅንና ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሠሩታል። ውሃ የተኛበት መሬት ይመቻቸዋል። ከውሃው ወለል በላይ፣ አየር በሚደርስበት ሽፋን ደግሞ ሚቴን በል ባክቴሪያዎች አሉ፤ በአርክቲክ ረግረግ በብዛት የሚገኘው ሜቲሎባክተር ነው። ከታች የሚመጣውን ጋዝ በኦክስጅን አቃጥለው ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለውጡታል። ስለዚህ የውሃው ወለል አንድ ስንዝር ዝቅ ማለቱ ሚቴን ይተፋ የነበረን መሬት ሚቴን ዋጭ ሊያደርገው ይችላል። አየር ውስጥ ባለችው ጥቂት ሚቴን፣ ማለትም ከሚሊዮን እጅ ሁለት በማትሞላው፣ ብቻ የሚያድግ ባክቴሪያም አለ፤ ሜቲሎካፕሳ ጎርጎና ይባላል፣ በኖርዌይ ትሮምሶ ከተማ ከቀድሞ የቆሻሻ መጣያ የአፈር ልባስ ተለይቶ በ2019 ይፋ ሆነ። ደረቅ መሬት ካርቦን አይለቅም ማለታችን ግን አይደለም። በካርቦን ዳይኦክሳይድ መልክ ይለቃል። ሚቴን በ100 ዓመት ስሌት በክብደት ከእሱ 28 እጥፍ ገደማ ስለሚያሞቅ፣ በየትኛው መልክ ወጣ የሚለው ቀላል ጥያቄ አይደለም።

ይህን ሁሉ የሚያመልጥ አቋራጭ መንገድም አለ። ቄጠማ መሰል ሣሮች ለሥራቸው አየር የሚያወርዱበት ባዶ ቱቦ አላቸው፤ ሚቴኑ በዚያው ቱቦ ወደ ላይ ይወጣል፣ በላተኞቹንም ሳያገኛቸው ያልፋል።

ከመሬቱ የሚወጣው ሚቴን ቁጥሩ እንዴት እንደሚገኝ ዘገባው ዘልሎታል። ከታች ክፍት የሆነ ሳጥን አስቀድሞ አፈር ውስጥ በተተከለ ፍሬም ላይ ይደፋል። ፍሬሙ በዕለቱ ከተተከለ የተቆረጠው ሥርና የተናወጠው አፈር ልኬቱን ያበላሻል፤ ከሳምንታት በፊት ቢተከል ይሻላል። የፍሬሙ ቦይ ውሃ ይሞላበታል፣ አየር እንዳያሾልክ። ከዚያ በ0፣ በ5፣ በ10 እና በ15 ደቂቃ ከሳጥኑ አየር በሲሪንጅ ናሙና ይቀዳል። ሳጥኑ 30 ሴንቲሜትር ከፍታ ቢኖረው፣ ሚቴኑም በ10 ደቂቃ ከሚሊዮን እጅ 2 ወደ 3 ቢያድግ፣ በ10 ዲግሪ ሙቀት በካሬ ሜትር በቀን ወደ 30 ሚሊግራም ይሆናል። ትልቁ ጠላት የለኪው እግር ነው። ረግረጉን በቀጥታ የረገጠ ሰው አረፋ ይጨምቃል፤ የመጀመሪያው ናሙና ዘሎ ቀጣዮቹ ከወረዱ ያ ልኬት መጣል አለበት። በጣውላ መረማመጃ ላይ መቆም ግድ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ልኬቱ መቼ እንደተወሰደም ያስፈልጋል። ብርዱ ሲጀምር የአፈሩ መካከል ለሳምንታት ዜሮ ዲግሪ ላይ ይቆማል፤ ውሃ በረዶ ሲሆን ሙቀት ይለቃልና። በዚህ ጊዜ ተሕዋስያኑ ሥራቸውን አያቆሙም። በ2016 የወጣ የአላስካ ቱንድራ (ዛፍ የማይበቅልበት ቀዝቃዛ ሜዳ) ጥናት ከሴፕቴምበር እስከ ሜይ የሚወጣው ሚቴን ከዓመቱ ቢያንስ ግማሹ መሆኑን አሳይቷል። በግሪንላንድ ዛከንበርግ ደግሞ በ2007 አፈሩ ሲረጋ የወጣው የሞቃቱን ወራት ድምር ያህል ነበር። በጁላይ ብቻ ለክቶ የዓመቱን ማውራት አያዋጣም።

የላቦራቶሪ ውጤትም እንዲሁ ነው። ገና የቀለጠ አፈር ውስጥ ሚቴን ሠሪዎቹ ጥቂት ስለሆኑ እስኪበዙ ዓመታት ሊወስድ ይችላል። ከሳይቤሪያው የሌና ወንዝ ደልታ የመጣ አፈር ኦክስጅን በሌለበት ለ7 ዓመት ተይዞ፣ ሠሪዎቹ ከተደላደሉ በኋላ ሚቴንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ በእኩል መጠን መውጣታቸው በ2018 ታትሟል። በጥቂት ወራት የተዘጋ ሙከራ ይህን አያየውም።

በመጨረሻ አንድ እርማት፤ በዘገባችሁ ሠንጠረዥ ላይ «ሚሊግራም» ብቻ ተጽፏል። የሚቴን ክብደት ነው ወይስ በውስጡ ያለው የካርቦን? 30 ሚሊግራም ሚቴን 22.5 ሚሊግራም ካርቦን ነው፤ ሁለት ጥናቶችን ጎን ለጎን ስታስቀምጡ ልዩነቱ ከዚህ የመጣ ሊሆን ይችላል።

ከአክብሮት ጋር፤
የአፈር ረቂቅ ተሕዋስያን ባለሙያ አንባቢዎቻችሁ