ለደንበኞቻችን፦ በጥምቀት ለምን ዘጋን? በረንዳውስ የት ሄደ?

የተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

ጎንደር ፒያሳ ያለው ኬክ ቤታችን ዳግም ከተከፈተ ዛሬ ዐሥራ አንድ ቀኑ ነው። በእነዚህ ቀናት ከቀዳነው ሻይ የሰማነው ወቀሳ ይበልጣል። ፊት ለፊት የነገራችሁኝን አመሰግናለሁ። በሰው በሰው የደረሰኝ ግን ትንሽ አሞኛል። «ለሀብታም ልታደርገው ነው» ተብሏል። «በአንድ ሻይ ሦስት ሰዓት የሚቀመጠውን ለማባረር ነው በረንዳውን ያፈረሰችው» ተብሏል። በአንድ ሻይ ሦስት ሰዓት መቀመጥን ያስለመዳችሁ አባቴ መሆኑን ረሳችሁት መሰለኝ።

ይቅርታውን ላስቀድም። በሩ ላይ «ለሦስት ሳምንት ለእድሳት ተዘግተናል» ብለን ለጠፍን። ሦስት ወር ሊሞላን ምንም አልቀረው። ወረቀቱን መቀየር ነበረብን፤ አልቀየርነውም። ገናን፣ ጥምቀትን፣ ቅበላን ዘግተን አሳለፍን። ከውጭ አገር መጥታችሁ በሩን ገፍታችሁ የተመለሳችሁ አላችሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ይቅርታ አድርጉልኝ።

አሁን ደግሞ የእኔን ስሙኝ።

አባቴ ይህን ቤት ከቀበሌ የተከራየው በ1985 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የሆቴል አስተናጋጅ ነበር። ሲጀምር አንድ አሮጌ የቡና ማሽን፣ ሁለት ዓይነት ኬክና አራት ጠረጴዛ ብቻ ነበረው። እኔ የቤት ሥራዬን የሠራሁት ከኬኩ መደርደሪያ ጀርባ የዱቄት ከረጢት ላይ ተቀምጬ ነው። ብዙዎቻችሁ ቤቱ የራሳችን ይመስላችኋል። አይደለም። በጣሊያን ጊዜ የተሠራ፣ በ1967 ትርፍ ቤት ሲወረስ የተወረሰ ነው። ሠላሳ ሦስት ዓመት ሙሉ ኪራይ ስንከፍል ኖረናል፤ ዛሬም እንከፍላለን።

በረንዳውን ያሠራሁት እኔ ነኝ። በ2009። ያለ ፈቃድ። አባቴ በሕይወት ቢኖር እሺ የሚለኝ አይመስለኝም። ብረቱን ድንጋዩ ውስጥ ቦርቡረን ከተትን፣ ዙሪያውን በሲሚንቶ ደፈንን፣ ከላይ ቆርቆሮ መታንበት። አምሮ ነበር፤ አልዋሽም። ዘጠኝ ጠረጴዛ ይዞ ነበር። ከተራ ለት ታቦቱ ሲወርድ ከዚያ ሆኖ የማየት ነገር እኔንም ናፍቆኛል።

ባለፈው ነሐሴ፣ ያ ሁሉ ዝናብ በወረደበት ሳምንት፣ ከበረንዳው በላይ ያለው ልስን ተገምሶ ወደቀ። የወደቀው የመጨረሻው ጠረጴዛ ላይ ነው። ሁለት ልጆች ሒሳብ ከፍለው ከተነሡ ዐሥር ደቂቃ አልሞላቸውም። ከዚያ ቀን በኋላ እዚያ ሰው አስቀምጬ እንቅልፍ ሊወስደኝ አልቻለም።

መፍትሔ ያጣሁ እንዳይመስላችሁ። አንድ ሥራ ተቋራጭ መጥቶ አየና «ቅዳሜ ማታ ጀምሬ ሰኞ ጠዋት አስረክብሻለሁ» አለኝ። ግድግዳውን በሲሚንቶ ይለስናል፣ መስኮቶቹን በአሉሚኒየም ይቀይራል፣ በረንዳውን በአዲስ ብረት ያቆማል። ቅዳሜና እሑድ የሆነው ፈቃድ የሚጠይቀው ቢሮ ስለሚዘጋ ነው። ዋጋውም ኋላ ካወጣሁት ግማሽ አይሞላም ነበር። እሺ ብለው ኖሮ ጥምቀትን ክፍት ነበርን፤ እናንተም አትቆጡኝም፤ ይህ ደብዳቤም አይጻፍም።

እሺ ያላልኩት አንድ ሽማግሌ ግንበኛ ስላስቆመኝ ነው። የወደቀውን ልስን አንስቶ ጀርባውን አሳየኝ። እርጥብ ነው። የድሮ የድንጋይ ግድግዳ በኖራ ሲለሰን እርጥበቱን ያስወጣል፤ በሲሚንቶ ከታፈነ ግን ውኃው መውጫ አጥቶ ልስኑን ገፍቶ ይጥለዋል አለኝ። ይህን ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የፋሲል ግንብ ራሱ ምስክር ነው። በጣሊያን ጊዜ በሲሚንቶና በኮንክሪት ተጠግኖ ነበር። ያ ጥገና እንደማይስማማው ታውቆ ኋላ ላይ በኖራ ነው የተተካው። ለግንቡ ያልበጀ ሲሚንቶ ለእኔ ኬክ ቤት ይበጃል?

ስለዚህ ፈቃድ ጠየቅሁ። መስከረም ውስጥ ነው።

ሰው «ቅርስ» ሲባል 900 ሜትር ከሚረዝመው የአብያተ መንግሥቱ አጥር ውስጥ ያለው ብቻ ይመስለዋል። እኔም ይመስለኝ ነበር። ግንቡ እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ይህን ሕፃን ልጅ ያውቀዋል። ዙሪያው ያሉት አሮጌ ቤቶች ግን እንዲሁ አይነኩም። የቅርስ አዋጁ፣ ቁጥር 209/1992፣ በቅርስ ላይ የሚደረግ ጥገናና እድሳት አስቀድሞ ይሁንታ ያስፈልገዋል ይላል። የግንባታ ፈቃዱ ደግሞ ከከተማው ነው የሚወጣው። እኔ ተከራይ ስለሆንኩ የቤቱ አስተዳዳሪም መስማማት ነበረበት። ሦስት በር ማለት ነው። አንዱ በር ሲከፈት ሌላው ምሳ ወጥቷል።

ያስረዱኝ እንዲህ ነው። ውስጡን ቀለም ብትቀቢ፣ የተሰበረ መስታወት ብትቀይሪ ማንም አይጠይቅሽም። ከመንገድ የሚታየውን ከነካሽ ግን ፕላን አምጪ፤ ጣሪያም ሆነ መስኮት፣ የልስን ቀለምም ሆነ ታፔላ። አሁን ያለበትን ፎቶ አምጪ፣ ሊሆን የታሰበውን ሥዕል አምጪ፣ በምን ዕቃ እንደሚሠራ ጻፊ። ባለሙያ መጥቶ ያያል፣ አስተያየት ይጽፋል፣ ከዚያ ይወሰናል። ከፈቀዱልኝ የከለከሉኝ ይበልጣል። አሉሚኒየሙ ቀረ፤ መስኮቱ በእንጨት ይሁን ተባለ። በረንዳው ይነሣ ተባለ። ያ ትልቁ ባለ መብራት ታፔላም ወርዶ ከበሩ በላይ በትንሹ ይጻፍ ተባለ። አንድ ደንበኛችን ባለፈው ሰኞ በራችን ላይ ቆሞ ስልክ ደውሎልኛል፤ «የት ሄዳችሁ?» ብሎ።

ፈቃዱ ኅዳር ላይ ተሰጠን፤ ወዲያው ዘጋን። ሦስት ሳምንት ያልኩት አናጺውም ግንበኛውም ስላሉኝ ነው። በረንዳው ሲነሣ ግን ብረቱ የተከተበት ድንጋይ ተሰንጥቆ ተገኘ። የመስኮቱ መቃንም በስብሷል። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው። የተፈቀደልን ሥዕሉ ላይ ያለው ብቻ ነው። ስንጥቁ ሥዕሉ ላይ የለም። ስለዚህ ሥራው ቆሞ እንደገና ማመልከቻ፣ እንደገና ባለሙያ። የፈረመልን ሰው ለመስክ ወጥቷል፣ የተካው ሰው ፋይሉን አያውቀውም። ገና እዚያ መካከል ገባ። ጥምቀት ሲደርስ ግድግዳችን ራቁቱን ነበር። ኖራው ደግሞ እንደ ሲሚንቶ አይደለም፤ ሳይደርቅ አትቸኩሉበት ተባልን፤ አልቸኮልንም። ለጥምቀት በሩን የሚዘጋ ጎንደሬ ነጋዴ የለም። እኔ ዘጋሁ። ከተራ ለት ከውስጥ ሆኜ እልልታውን ስሰማ ምን እንደተሰማኝ ለእግዜር ብቻ ነው የምነግረው።

«የጣሊያን ቤት ምን ቅርስ ነው? ወራሪ የሠራው!» ያላችሁኝም አላችሁ። እኔም ቢሮ ገብቼ ይህንኑ ተከራክሬያለሁ፤ ድምፄንም ከፍ አድርጌ ነበር። በኋላ ቤት ገብቼ ሳስበው ጣሊያን ጎንደር ላይ እጁን የሰጠው ኅዳር 1934 ነው። እዚህ የቆየው ስድስት ዓመት አይሞላም። ከዚያ ወዲህ ሰማንያ አራት ዓመት ቤቱ ከእኛው ጋር ነው የኖረው። እዚህ ሽማግሌ ተቀምጦበታል፣ እዚህ ስንቱ ተጫጭቷል፣ አባቴ እዚህ አርጅቷል። እና የማን ቤት ነው የምትሉት?

ስለ ዋጋው። አዎ፣ ሻይም ማኪያቶም ጨምሯል። በዝርዝር ባልናገር ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ጠይቃችኋል። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የማሽኑ ጎማ እንኳ በእጥፍ ነው የምንገዛው። ስኳሩን፣ ዱቄቱን፣ ወተቱን እናንተም ቤታችሁ ታውቁታላችሁ። ከዚያ በፊትም ኮሮና ነበር፣ ጦርነት ነበር፣ ፈረንጁ ከጠፋ ሰንብቷል። የመስኮቶቹ እንጨት ዋንዛ ነው፤ ዋጋውን ሲነግሩኝ ተቀምጬ ነው የሰማሁት። ስድስቱ ሠራተኞቻችን በተዘጋንበት ወራት ግማሽ ደመወዝ አልቀረባቸውም። ሙሉውን መክፈል አልቻልኩም፤ እነሱም አልተዉኝም። ሕጉ የእድሳቱ ወጪ ከባለቤቱ አቅም በላይ ከሆነ መንግሥት በከፊል ሊያግዝ ይችላል ይላል። ደስ ብሎኝ አነበብኩት። እኔ ግን ባለቤት አይደለሁማ! ወጪው ከኪራዬ ይታሰብልኝ ብዬ አመልክቻለሁ። መልሱ ሲመጣ ዋጋው ወደ ነበረበት ይመለሳል ብዬ ቃል አልገባም፤ ሁለተኛ አይጨምርም ብል ግን ደስ ይለኛል።

ሌሎቹ ነጋዴዎች ያለ ፈቃድ ሌሊት ሠርተው ምንም አልሆኑም ትሉኛላችሁ። አዎ፣ አልሆኑም። እሱን እያየሁ ነው የምውለው። አሉሚኒየማቸው ያብረቀርቃል። እኔን ሞኝ ያላችሁኝ ምናልባት ልክ ናችሁ።

በረንዳው ላይ ይቀመጡ የነበሩ ዘጠኙ ጠረጴዛዎች አልተጣሉም። አምስቱን ውስጥ አስገብተናል፤ ጠባብ ነው፣ ትከሻ ለትከሻ ትገናኛላችሁ። አራቱን የጓሮውን በር ከፍተን ግቢው ውስጥ ዘርግተናል። ከዚያ ታቦት አይታይም፤ ጥላ ግን አለው። ኳስ የሚታይበትን ቴሌቪዥን ከመስኮቱ አንሥተን ወደ ውስጠኛው ግድግዳ አዙረነዋል። አልተወገደም፤ የተባለው ሐሰት ነው።

ጾም ስለሆነ የጾም ኬክና ስፕሪስ አለ። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል እንከፍታለን፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ። አባቴ በየጠዋቱ ይቀመጥባት የነበረችው የጥጉ ወንበር አዲሱ መስኮት ሥር ናት። እሷን ማንም ይቀመጥባት፤ በአንድ ሻይም ቢሆን።

አክባሪያችሁ፣
የቤታችሁ ባለቤት (ተከራይ ብል ይሻል ይሆን?)
ፒያሳ፣ ጎንደር
የካቲት 2018 ዓ.ም.